ተጠየቅ የሚባለው ማን ነው?



በ1946 ዓ.ም. በሁለት ወር ልዩነት ሁለት ምክር ቤቶች አንድ ዓይነት ነገር አነሡ። አንደኛው በአሥመራ የተቀመጠው የኤርትራ ምክር ቤት ነበረ። በግንቦት ወር ተሰብስቦ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ለኤርትራ በተለየው የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ እየገባ ነውና ይታረም ሲል ቅሬታውን በውሳኔ አሰማ። ሁለተኛው በለንደን የተቀመጠው የእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ነበረ። እርሱም ሐምሌ 21 ቀን፣ ቆጵሮስ የምትባለው ደሴት ወደፊት በምን ሕገ መንግሥት እንደምትተዳደርና ነጻነት ታገኝ እንደ ሆነ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ዴኤታውን ጠየቀ።

ለንደን መልስ አገኘች። መልሱ ክፉ ነበረ፤ ነገር ግን ጥያቄው በተነሣበት ጉባኤ፣ በጠያቂው ፊት፣ በተጠያቂው አፍ ተነገረ። አሥመራ ግን አሥር ወር ያህል ጠበቀች። በመጋቢት 1947 ዓ.ም. የመጣላትም ነገር መልስ ሊባል አይችልም፤ ከዙፋን በታች ቆሞ የተነበበ ንግግር ነበረና። ቆጵሮስ በስድስት ዓመት ውስጥ፣ በ1952 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነጻ መንግሥት ሆነች። የኤርትራ ምክር ቤት በስምንት ዓመት ውስጥ ፈረሰ፤ እኛም ሠላሳ ዓመት የፈጀ ጦርነት ውስጥ ገባን።

ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው አንድ ጥያቄ መልስ ስላጣ ብቻ ነው ብዬ አላሳንሰውም። ብዙ እጅ አለበት፤ የውጭም የውስጥም። ነገር ግን ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና፣ በእኔ አስተያየት ከሥሮቹ አንዱ ይህ ነው፤ የአንድን ሕዝብ የወደፊት ዕድል የሚወስን መንግሥት፣ በዚያ ሕዝብ ፊት ቆሞ እንዲጠየቅና እንዲመልስ የሚያስገድደው ሕግ ከሌለ፣ ሕገ መንግሥቱ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረውም ይህንኑ ብቻ ነው።

ነገሩን ለማያስታውስ ወንድምና እኅት ባጭሩ ላስታውስ። ኤርትራ ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ የኢጣሊያ ቅኝ ግዛት ነበረች። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ኢጣሊያንን አሸንፎ ያዛት፤ ዐሥራ አንድ ዓመትም አስተዳደራት። ታላላቆቹ መንግሥታት በዕጣዋ ላይ ሊስማሙ ስላልቻሉ ጉዳዩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሄደ። ጠቅላላ ጉባኤውም ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. በ46 ድምፅ ድጋፍ በ10 ድምፅ ተቃውሞ ወሰነ። ውሳኔው፣ ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር ራሷን የምታስተዳድር ክፍል ሆና ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ትተሳሰር የሚል ነበረ። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭ ንግድ፣ ወደብና የመገናኛ መንገድ ለፌዴራሉ መንግሥት ተሰጡ። የቀረው ለኤርትራ መንግሥት ሆነ።

ሕገ መንግሥቱን ያዘጋጁት ድርጅቱ የላካቸው የቦሊቪያው ተወላጅ ኤድዋርዶ አንሴ ማቲየንሶ ሲሆኑ፣ ስድሳ ስምንት አባላት ያሉት የኤርትራ ምክር ቤት መክሮበት ሐምሌ 3 ቀን 1944 ዓ.ም. ተቀበለው። መስከረም 5 ቀን 1945 ዓ.ም. እንግሊዞች አስተዳደሩን አስረክበው ወጡ። በዚያ ምክር ቤት ከስድሳ ስምንቱ እኩሌታው ክርስቲያን እኩሌታው እስላም ነበረ። አንድነትን የሚፈልጉ ነበሩበት፤ ነጻነትን የሚመርጡም ነበሩበት፤ ፌዴሬሽኑ በተጻፈው መሠረት ይጠበቅ የሚሉም ነበሩበት። ባጭሩ እውነተኛ ምክር ቤት ነበረ።

አሁን ወደ ጥያቄው ነገር ልምጣ። የኤርትራ ሕገ መንግሥት የምክር ቤቱ አባሎች ለሥራ አስፈጻሚው በጽሑፍም ሆነ ባጭር ቃል ጥያቄ እንዲያቀርቡ፣ ሥራ አስፈጻሚውም እንዲመልስ ይደነግግ ነበረ። በዚያ ዘመን በአፍሪካ ይህን የመሰለ ድንጋጌ የነበረው አገር በጣት የሚቆጠር ነው። ታዲያ ጉድለቱ ወዴት ነበረ?

ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው። ሥራ አስፈጻሚው፣ ማለትም የመጀመሪያው መሪ ደጃዝማች ተድላ ባይሩ፣ በምክር ቤቱ ተጠያቂ ነበሩ። ዋናው ሥልጣን ግን ከእርሳቸው እጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ነበረ። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ቢትወደድ አንዳርጋቸው መሳይ በአሥመራ ተቀምጠው ነበር፤ ምክር ቤቱን በንግግር ይከፍታሉ፤ ሕጉን ያውጃሉ፤ ነገር ግን ምክር ቤቱ ሊጠይቃቸው አይችልም። ለምሳሌ የጉምሩክን ገቢ እንውሰድ። የድርጅቱ ውሳኔ፣ ወደ ኤርትራ ለሚገባና ከኤርትራ ለሚወጣ ዕቃ የሚከፈለው ቀረጥ ለኤርትራ እንዲሰጥ ያዛል። ቀረጡን የሚሰበስበው ግን የፌዴራሉ መንግሥት ነው። እንግዲህ አንድ የምክር ቤት አባል ተነሥቶ፣ ‹‹በዚህ ዓመት በምጽዋና በአሰብ ስንት ተሰበሰበ? ከዚያስ የእኛ ድርሻ ስንት ነው?›› ቢል፣ ማን ይመልስለታል? እንዲመልስ የሚገደደው ሰው መዝገቡ በእጁ የለም፤ መዝገቡ በእጁ ያለው ሰው እንዲመልስ አይገደድም። የድርሻው ነገር ሲያከራክር የኖረው በዚህ ምክንያት ጭምር ይመስለኛል።

አንዳንድ አንባቢ፣ ‹‹ታዲያ የፌዴራሉን መንግሥት በአዲስ አበባው ፓርላማ ለምን አልጠየቁትም?›› ሊል ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ እናገኘዋለን፤ ፌዴሬሽኑ ሲጀመር በኢትዮጵያ የሚሠራው እርሱ ነበረና። በዚያ ሕገ መንግሥት መሠረት ምክር ቤቶቹ ሚኒስትሮችን ቢፈልጉአቸውም እንኳ ንጉሠ ነገሥቱን አስቀድመው ሳያስፈቅዱ ሊጠሩአቸው አይችሉም ነበረ። ሚኒስትሮቹም በበኩላቸው ያለ ፈቃድ ወደ ምክር ቤቱ ሊገቡ አይችሉም። መጠየቅ የተከለከለበት ፓርላማ ማለት ነው። እንደራሴዎቹም ቢሆኑ ያን ጊዜ በሕዝብ ድምፅ የተመረጡ አልነበሩም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጥቶ፣ ሕዝቡ ከዚያ በኋላ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን ለመጀመሪያ ጊዜ መረጠ። ሚኒስትሮችም በአብላጫ ድምፅ ሲጠሩ እየቀረቡ ስለሚወጡት ሕጎች ለሚቀርብላቸው ጥያቄ መልስ እንዲሰጡ ተደነገገ። ይህ እርምጃ ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲደርስ የአሥመራው ጥያቄ ቀድሞ ተጠይቆ፣ ቀድሞም ታፍኖ ነበረ።

የመጣው መልስ ምን ይል ነበር? በመጋቢት 1947 ዓ.ም. እንደራሴው በምክር ቤቱ ፊት ቆመው የተናገሩት ቃል ፍሬ ነገሩ ይህ ነበረ፤ በእርሳቸው መሥሪያ ቤት ዘንድ የውስጥ ጉዳይ የውጭ ጉዳይ የሚባል ልዩነት የለም፣ ወደፊትም አይኖርም፣ የኤርትራ ጉዳይ የመላው ኢትዮጵያና የንጉሠ ነገሥቱ ጉዳይ ነው። አስተውሉ፤ ምክር ቤቱ የጠየቀው በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ተጥሷልና ይታረም ብሎ ነበር። መልሱ ድንበሩ ራሱ የለም የሚል ሆነ። ከዚህ በኋላ ተነሥቶ ‹‹እንግዲያውስ የተፈረመው ሕገ መንግሥት ምንድን ነው?›› ብሎ ሁለተኛ ጥያቄ ማንሣት አልተቻለም፤ ምክንያቱም ንግግር ከተነበበ በኋላ ይጨበጨባል እንጂ አይጠየቅም። በዚያው ዓመት ክረምት ደጃዝማች ተድላ ከሥልጣናቸው ወረዱ።

በእነርሱ ቦታ የተተኩት ቢትወደድ አስፍሃ ወልደ ሚካኤል ነበሩ። እኒህ ሰው አስቀድሞ የእንደራሴው ምክትል ነበሩ፤ የኤርትራ መንግሥት መሪ ከሆኑም በኋላ የምክትልነቱን ሥራ አልተዉም። እስኪ ነገሩን በዳኝነት ዓይን ተመልከቱት። በኤርትራ መንግሥት መሪነታቸው የኤርትራን መብት ከፌዴራሉ መንግሥት ሊጠይቁ ይገባቸዋል። በምክትል እንደራሴነታቸው ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ሹም ናቸው። ከሳሹም ተከሳሹም አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። የዚህ ዓይነት ሙግት በየትኛውም ሸንጎ ቢቀርብ ዳኛው ስቆ ይበትነዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ለንደን እንሂድ፤ የእንግሊዝን ደግነት ለማመስገን አይደለም። ቅኝ ገዢ ቅኝ ገዢ ነው። ነገር ግን በዚያ ምክር ቤት የቆየ ልማድ አለ። ጉባኤው በሚሰበሰብባቸው ቀኖች፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ለጥያቄ ይመደባል። እንደራሴው ጥያቄውን አስቀድሞ በጽሑፍ ያስመዘግባል፤ ጥያቄውም ታትሞ ይወጣል። ሚኒስትሩ ተነሥቶ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው ብልሃቱ፤ ጠያቂው አስቀድሞ ያላስመዘገበውን ተከታይ ጥያቄ ወዲያው የማንሣት ዕድል አለው። የመጀመሪያውን መልስ ጸሐፊ አርቅቆ ሊሰጠው ይችላል፤ ለተከታዩ ጥያቄ ግን ሚኒስትሩ ከራሱ ጭንቅላት ማውጣት አለበት። የተባለው ሁሉ ቃል በቃል ተጽፎ ለሕዝብ ይወጣል።

በሐምሌ 1946 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ዴኤታው ሄንሪ ሆፕኪንሰን ለቆጵሮስ አዲስ ሕገ መንግሥት እንደታሰበ ተናገሩ። እንደራሴዎቹ ‹‹ነጻነትስ?›› ብለው አጥብቀው ሲይዙአቸው፣ በልዩ ሁኔታቸው ምክንያት ሙሉ ነጻነትን ፈጽሞ ተስፋ ሊያደርጉ የማይችሉ አገሮች አሉ አሉ። ‹‹ፈጽሞ›› የምትለዋ ቃል ከአፋቸው ወጣች። በወረቀት ተጽፋ ቢሆን ኖሮ አንድ አስተዋይ ጸሐፊ ይሰርዛት ነበር። በጥያቄ ጊዜ ግን የመንግሥቱ ልብ ተገልጦ ታየ። ቆጵሮሳውያን ሰሙ፤ ዓለምም ሰማ። በዓመቱ ደሴቲቱ በዐመፅ ተቀጣጠለች፤ ያም መንግሥት ‹‹ፈጽሞ›› ያለውን በስድስት ዓመት ውስጥ ሊውጠው ግድ ሆነበት። ጥያቄ ሁልጊዜ ጥሩ መልስ ያስገኛል አልልም። ነገር ግን ክፉውን መልስ ገና በማለዳው ያወጣዋል፤ ሰውም የቆመበትን ያውቃል።

ለንደንም ብትሆን ጉድለቷ ግልጽ ነው። ስለ ቆጵሮስ ሲጠየቅ አንድም የቆጵሮስ ሰው በዚያ ወንበር አልነበረም። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበውን ምሳሌ ላምጣ። በኅዳር 1947 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የእንግሊዝ መንግሥታት ስለ ሐውድና ስለ አካባቢው ውል ተፈራረሙ። በዚህም መሠረት እዚያ የነበረው የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ወጥቶ ምድሪቱ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች፤ ከእንግሊዝ ሶማሌላንድ ከብቶቻቸውን እየነዱ የሚመጡት የሶማሌ ጎሣዎች ደግሞ የግጦሽ መብታቸው ተጠበቀላቸው። የሶማሌ መልእክተኞች ወደ ለንደን ሄደው አቤት አሉ። በምክር ቤቱም ጥያቄ ተነሣ። መንግሥቱ ከዐፄ ምኒልክ ጋር በ1889 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ያስገድደናል ብሎ መለሰ። የምድሪቱ ባለቤትነት በዚህ ጽሑፍ የምከራከርበት ጉዳይ አይደለም። የምለው ይህን ነው፤ በለንደን ለንደኖች ጠየቁ፣ ለንደኖች መለሱ፤ በአዲስ አበባ የጠየቀም የመለሰም የለም፤ በዝናብና በሣር የሚኖረው ከብት አርቢ ግን በሁለቱም ምክር ቤቶች ወንበር አልነበረውም። ስለዚህ ጥያቄ ሁለት ነገር ያስፈልጋታል፤ የመመለስ ግዴታ ያለበት ተጠያቂ፣ ነገሩም የሚነካው ጠያቂ። አንዱ ከጐደለ ሚዛኑ ይሰበራል።

‹‹ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?›› የሚል ሰው ያጋጥመኝ ይሆናል። እኔ የተወለድሁት በሰሜን ሸዋ በሰላ ድንጋይ ነው፤ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ይቀመጡባት በነበረችው አገር። ማንም የአገሬ ሽማግሌ የሙግትን ሥርዓት ከፈረንጅ አልተማረም። ከሳሽ ተነሥቶ ‹‹ተጠየቅ!›› ሲል፣ ተከሳሽ ‹‹ልጠየቅ!›› ብሎ መቆም አለበት። በላ ልበልሃ ተባብለው በቃል ይፋጫሉ። በጥንቱ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ አብረው ይሄዱ ነበር፤ አንዱ ካንዱ እንዳያመልጥ ነው። ‹‹በሕግ አምላክ!›› የተባለ ሰው፣ ጠሪው ድኻም ቢሆን፣ እግሩን ያቆማል። መንገደኛ እንኳ ተጠርቶ ዳኛ ሊሆን ይችል ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የኛ ሥርዓት ትልቁ ነገር ‹‹ተጠየቅ›› ማለቱ ብቻ አይደለም። ትልቁ ነገር ‹‹ልጠየቅ›› የሚለው ቃል ነው። ተከሳሹ በራሱ አፍ ራሱን ለጥያቄ ያስገዛል። በ1946 ዓ.ም. ከአሥመራ ‹‹ተጠየቅ›› ተባለ፤ ‹‹ልጠየቅ›› ያለ ግን አልተገኘም። ታዲያ የተጣሰው የፈረንጅ ልማድ ነው ወይስ የራሳችን?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታሪክ የሚያውቅ ያውቀዋል። በታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. የኤርትራ ሰንደቅ ዓላማ ወረደ። በ1952 ዓ.ም. ‹‹የኤርትራ መንግሥት›› የሚለው ስም ‹‹የኤርትራ አስተዳደር›› ተባለ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ተሰብስቦ መግለጫ ተነበበለት፤ በጭብጨባም ጸደቀ ተባለ፤ የአዲስ አበባው ፓርላማም ተቀበለው፤ በማግሥቱ በትእዛዝ ቁጥር 27 ፌዴሬሽኑ አከተመ። በዚያ ቀን አንድ አባል ተነሥቶ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ፣ ቢያንስ በመዝገብ ይቀመጥልን ነበር።

ሊጠይቁ ይችሉ ከነበሩት አንዱን ሰው ብቻ ልጥቀስ። ኢድሪስ መሐመድ አደም የዚያ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. ከወንበራቸው ተነሡ። በ1952 ዓ.ም. በካይሮ ከተማ የኤርትራን ነጻ አውጪ ግንባር ከመሠረቱት ሰዎች ዋነኛው ሆኑ። በነሐሴ 1953 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጥይት ተተኰሰ። የምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሥራው የጠያቂን ተራ መጠበቅ ነው። ያ ወንበር ሲነጠቅ፣ በወንበሩ ላይ የነበረው ሰውና ከእርሱ ጋር የነበሩት ሌላ መጠየቂያ ፈለጉ፤ ያገኙትም ጠመንጃ ሆነ። ጠመንጃ ማንሣታቸው ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ጊዜ ላቈየው። ነገር ግን በር የተዘጋበት ሰው በመስኮት ሲገባ ‹‹ሌባ›› ብሎ ከመጮኽ በፊት፣ በሩን ማን ዘጋው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በዕረፍት ጊዜ አገሬ ገብቼ ሳለሁ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን አንድ አባት፣ ‹‹አባባ፣ ያን ጊዜ የኤርትራ ፌዴሬሽን ሲፈርስ እዚህ ምን ተባለ?›› ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ ‹‹ልጄ፣ ስለ ነገሩ ማንም አልጠየቀንም። ልጅ ስጡ ሲሉ ግን ጠየቁን›› አሉኝ። ለዚህ ማብራሪያ መጨመር አያስፈልግም። የአሥመራው ጥያቄ ሲታፈን የታፈነው የአሥመራ ሰው ብቻ አይደለም። የሰላ ድንጋይ ገበሬም፣ የመንዝ ገበሬም፣ የጐንደር ገበሬም ሳይጠየቅ በተወሰነ ነገር ልጁን ከፈለ። ጦርነቱ በ1983 ዓ.ም. አበቃ፤ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ በሕዝበ ውሳኔ ራሷን ቻለች፤ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ አገሮች እንደገና ተዋጉ። ስለ ድንበር የሚጠየቀውን ሁሉ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደጮኸ ውሻ፣ ልጆቹ ካለቁ በኋላ ጠየቅን።

አሁን የተቃዋሚዬን ሐሳብ በሚገባው ክብር ላቅርብ። ‹‹በኤርትራ አንድነትን የሚፈልግ ብዙ ሕዝብ ነበረ፤ በ1944ቱ ምርጫ ከሁሉ የበለጠ ወንበር ያገኘው የአንድነት ማኅበር ነው፤ ስለዚህ ፌዴሬሽኑ ቢፈርስ የብዙኀኑ ፈቃድ ተፈጸመ›› ይላል። የመጀመሪያው እውነት ነው። አንድነትን ከልቡ የወደደ ኤርትራዊ ብዙ ነበረ፤ ለእርሱም ፍቅር ክብር ይገባዋል። ከዚህ የሚከተለው ግን ፍጹም ሌላ ነው። ብዙኀኑ ከወደደው፣ ጥያቄን የሚያስፈራው ምንድን ነው? ጥያቄ የሚያጠፋው የውሸት ፍቅርን ነው፤ እውነተኛውን ያጸናዋል። አንድነቱ በግልጽ ተጠይቆ፣ በግልጽ ተመልሶ፣ ድምፅ አንድ ባንድ ተቆጥሮ ቢሆን ኖሮ፣ በጭብጨባ ፈረሰ ተብሎ የሚወቅስ አይኖርም ነበር። ጥያቄን ያፈኑት ሰዎች የጐዱት የአንድነትን ጠላቶች አይደለም፤ የጐዱት ራሱን አንድነቱን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ይህኛው ሲያስቡት ያሳዝናል። በ1953 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከላይቤሪያ ጋር ሆኖ ደቡብ አፍሪካን በላሄ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ዛሬ ናሚቢያ ስለምትባለው አገር ነበር። ኢትዮጵያ ካቀረበቻቸው አቤቱታዎች አንዱ፣ ደቡብ አፍሪካ በአደራ ስለተቀበለችው አገር አስተዳደር በየዓመቱ ሪፖርት የማቅረብና የነዋሪዎቹን አቤቱታ የማስተላለፍ ግዴታ አለባት፣ ይህንንም አልፈጸመችም የሚል ነው። ባጭር አማርኛ ‹‹ተጠየቂ፣ መልሺም!›› ማለት ነው። የሚያኰራ ክስ ነው፤ በአፍሪካ ስም የቀረበ ታላቅ ክስ ነው። በሐምሌ 1958 ዓ.ም. ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ ፍርድ ቤቱ፣ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ይህን ለመጠየቅ የሚያበቃ ሕጋዊ መብት የላቸውም ብሎ ክሱን ዘጋው። የጥቁር ሕዝብ ሁሉ በዚያ ፍርድ ተቈጣ፤ እኛም ተቈጣን፤ መቈጣታችንም ልክ ነበረ። ‹‹መጠየቅ አትችልም›› ከመባል የከፋ መልስ የለምና። ነገር ግን በላሄ የመረረን መልስ፣ እኛው ለአሥመራ የሰጠነው መልስ ነበረ። በውጭ አገር ሸንጎ ‹‹ተጠየቅ›› የሚል መንግሥት፣ በቤቱ ‹‹ልጠየቅ›› ማለትን መማር አለበት።

ዛሬስ? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣኖችን የመጥራትና የመጠየቅ ሥልጣን አለው። በወረቀት ስንለካው ከ1923ቱ እጅግ ርቀናል። በአሥመራ በኩል ደግሞ በ1989 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ አልዋለም፤ ብሔራዊ ምክር ቤቱም ከተሰበሰበ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያ አሮጌ ጥያቄ ዛሬም የሚጠየቅበት ቤት የለውም። በእኛ በኩል ቤቱ አለ። የቤቱን ዋጋ የምንመዝነው ግን በወንበሩ ቍጥር አይደለም። ተከታይ ጥያቄ ይፈቀዳል ወይ? ተጠያቂው ካልመለሰ ምን ይሆናል? ነገሩ የሚነካው ሰው ድምፁ ይሰማል ወይ? በእነዚህ በሦስቱ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ መምህራን፤ ሚኒስትር መጠየቅ ዛሬ በእጃችን አይደለም። ነገር ግን ነገ በዚያ ወንበር የሚቀመጠው፣ ጠያቂም ሆነ ተጠያቂ፣ ከእኛው መካከል ነው። ዛሬ በተማሪዎች ማኅበር ምክር ቤት ያልለመደውን ነገር ነገ በፓርላማ አይሠራውም። በማኅበራችን ስብሰባ የሚሆነውን ሁላችን እናውቃለን፤ ሪፖርት ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ይበተናል። ይህ የመጋቢት 1947ቱ ሥርዓት ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ምክር ቤት አራት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየስብሰባው መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ለጥያቄ ይመደብ፤ ጥያቄውም ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ ይግባ። ሁለተኛ፣ የገንዘብ ያዡም ሆነ የማንኛውም ክፍል ኀላፊ፣ ስለ ክፍሉ ሲጠየቅ መዝገቡን ይዞ ራሱ ይቁም፤ ወኪል አይላክ፤ ጠያቂውም አንድ ተከታይ ጥያቄ ይፈቀድለት። ሦስተኛ፣ ስለ ምግብ ቤት ሲጠየቅ የሚበላው፣ ስለ መኝታ ቤት ሲጠየቅ የሚተኛው ተማሪ ተገኝቶ ይናገር። አራተኛ፣ ጥያቄውና መልሱ ሳይቀነስ በዚህ ጋዜጣ ይታተም፤ ‹‹አልመልስም›› ከተባለም፣ የተጠያቂው የኀላፊነት ስም ተጽፎ፣ ከጎኑ ‹‹አልመልስም›› ተብሎ ይታተም።

መምህራኖቻችንም በዚህ ሊረዱን ይችላሉ። በክፍል ውስጥ እጁን የሚያነሣ ተማሪ ሰዓት የሚያባክን መስሎ የሚታይ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ትውልድ የምክር ቤት አባል እጁን የሚያነሣው ለማጨብጨብ ብቻ ይሆናል።

እነዚህን አራት ሐሳቦች ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ በጽሑፍ አስገብቻለሁ። የሚቃወም ካለ በዚሁ ጋዜጣ ይጻፍ፤ በስብሰባውም ተነሥቶ ይጠይቀኝ። እኔም ልጠየቅ ብያለሁ።